ቁጥር አርባ አንድ የተሰቀለበት እሑድ

የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ካልሲ መገልበጥ ነበር። የሠላሳ አምስት ጎረምሳ ካልሲ፣ ላብና አሸዋ የጠጣ፣ አንድ ክምር። ከዚያ በፊት ዘ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ባለ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አንሶላና ፎጣ አጥቤአለሁ። ኮሌጁ ለቤዝቦል ቡድኑ የቀጠረኝም ትልልቆቹን ማጠቢያ ማሽኖች ስለማውቅ እንጂ ቤዝቦል ስለማውቅ አይደለም። ቤዝቦልማ ምን አውቄ! በሱዳን አድርጌ ስደተኛ ሆኜ እዚህ አገር ስገባ፣ ሰውየው ኳሷን በዱላ መትቶ፣ ዱላውን ጥሎ ለምን እንደሚሮጥ እንኳ አይገባኝም ነበር።

አለቃዬ ሬይ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ። ወሬ አይወድም። «ነጭ ሱሪ ላይ የሜዳው ቀይ አፈር ከያዘ መጀመሪያ በደረቁ በብሩሽ አራግፈው፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ። ሙቅ ካስነካኸው አፈሩ እዚያው ይቀራል» አለኝ። አዲስ ኳስ ከካርቶኑ ሲወጣ ያንሸራትታል፤ ጨዋታ ሳይጀመር በእጄ ጭቃ እያሸሁ ወዙን እንድገፍፍ አሳየኝ። የተበጠሰ የጓንት ጠፍር በወስፌ መቀጠልም ከእሱ ነው የተማርኩት።

ጨዋታ ባለበት ቀን ጠዋት ከዋናው አሠልጣኝ ቢሮ ሊስት የምንለው ወረቀት ይመጣል። ዛሬ ሊጫወቱ የሚችሉት ልጆች ስም ነው። ስሙ ላለበት ልጅ ማልያውን ሎከሩ ላይ እንሰቅላለን፤ ለሌላው የልምምድ ቲሸርት ብቻ እናስቀምጣለን። አንድ ጠዋት አንዱ ልጅ አሳዘነኝና ስሙ ሳይኖር ማልያውን ልሰቅልለት ስል ሬይ እጄን ያዘኝ።

«ሊስቱ ላይ የሌለ ማልያ አይሰቀልም» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«እኛ ስለማንወስን» አለኝና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ሬይ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ። በጠቅላላው ሃያ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ልጆቹ «ሚስተር ቲ» ይሉኛል፤ ተፈራ ማለት ስላቃታቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሊስቱን የጣስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የምጽፈውም ስለዚያ ቀን ነው። ሌላው ትዝታዬ ደግ ደጉ ነው፤ እሱን ለሚጠይቀኝ በቃሌ አጫውተዋለሁ።

ናትናኤል፣ እኛ ናቲ የምንለው፣ ወደ ቡድናችን የመጣው በሥራዬ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያደገ፣ ረጅም፣ ግራኝ ወርዋሪ፤ ወርዋሪ ማለት ኳሷን ለተቃራኒ ቡድን መቺ የሚወረውረው ነው። እናቱ ጽጌ ስትሪፕ ላይ ክፍል አጽጂ ናት፤ አባቱ በላቸው የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሸትል ይነዳል። ሁለቱንም ከቤተ ክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። ልጁ ኮሌጁ ሲቀበለው በላቸው ደውሎ፣ «ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ እዚያ ስላሉ ነው እንቅልፍ የሚወስደን» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ያ ሎከር ክፍል ውስጥ «ጋሼ» ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው።

ሁለት ዓመት ተጫወተ። ከዚያ ክርኑን አሞት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ ክንዱ ቢድንም ከፊቱ ሰባት ወርዋሪዎች ተሰልፈው ነበር። ዋናው አሠልጣኝ ጠራውና፣ «ወይ ሬድሸርት ሁን፣ ወይ ትራንስፈር አድርግ። ምርጫው ያንተ ነው» አለው።

ለማያውቅ ላስረዳ። የኮሌጅ ተጫዋች አምስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በአምስቱ ውስጥ መጫወት የሚችለው አራቱን ነው። አንዱን ዓመት ልምምድ ብቻ እየሠራ፣ ጨዋታ ሳይገባ ካሳለፈ ያ ዓመት አይቆጠርበትም። እሱን ነው ሬድሸርት የሚሉት። ትራንስፈር ጓዝን ጠቅልሎ ሌላ ኮሌጅ መሄድ ነው። ሕጉ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ያኔ ግን ምሕረት አልነበረውም። በቤዝቦል አንዲት ኳስ እንኳ በውድድር ላይ ከወረወርክ ዓመቱ እንዳለ ተቆጠረብህ።

አሠልጣኙ «ምርጫው ያንተ ነው» ይበል እንጂ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይተውም። በዚያው ሳምንት አንድ ማታ እነጽጌ ጠሩኝ። ከቤቴ ከሎን ማውንቴን ነድቼ ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ ጽጌና በላቸው ተቀምጠዋል፤ ናቲ ወንበር ጠፍቶ ይመስል ወለሉ ላይ።

«እኛ ይሄን ነገር አናውቀውም፣ ጋሼ» አለች ጽጌ። «እርስዎ ይበሉን። እርስዎ ያሉት ይሆናል።»

ናቲን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ ጌም ነው የምፈልገው» አለኝ። «ካልተጫወትኩ ፖይንቱ ምንድን ነው? አሁን ልሂድ። የሃይስኩል ኮቼ አንድ ስሞል ኮሌጅ ያውቃል፤ ግራኝ ይፈልጋሉ። ሁለት ዓመት የቀረው ግራኝ ካለ ይወስዳሉ አለኝ። አንተ ምን ታስባለህ?»

«አንተ አይባልም!» አለ በላቸው።

«ተወው» አልኩ፤ እንግሊዝኛው አፉን ስለያዘው ነው። ከዚያ የማስበውን ተናገርኩ። በዓመቱ መካከል ከሄደ ግማሹን ትምህርት አይቀበሉለትም። ዘንድሮ ሬድሸርት ሆኖ ይቀመጥ፣ ክንዱ ይጠንክር፣ የዓመቱን ኮርሶች ይጨርስ፤ ሰመር ላይ ሁለት ዓመቱን ይዞ ይሂድ። ሁለት ዓመት ነው የሚፈልጉት፣ ሁለት ዓመት ይኖረዋል።

ናቲ መሬት መሬት አየ። «ኦኬ፣ ጋሼ» አለ። አልተከራከረኝም። ምነው በተከራከረኝ።

አሁንም ምክሩ ስህተት ነበር አልልም። ያበላሸሁት በኋላ ነው።

ያን ዓመት ናቲ ማንም ሳያስገድደው ከሁሉ ቀድሞ ልምምድ ይመጣ ነበር። ባልዲ ሙሉ ኳስ ወርውሮ፣ ራሱ ለቅሞ፣ መልሶ ይወረውራል። ጨዋታ ሲሆን የልምምድ ቲሸርቱን ለብሶ ደጋውት ጥግ፣ ማለት የቡድኑ መቀመጫ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከእኔ ዱላ መደርደሪያ አጠገብ ቁጭ ይላል። «ስንት ቀረን ጋሼ?» ይለኛል። «ሃያ ጨዋታ።» «አሥራ አምስት።» እንዲህ እያልን ቆጠርነው።

ወሬ ደግሞ የራሷን ሥራ ሠራች። ከቤተ ክርስቲያን ሰው አንዱ ጨዋታ ሊያይ መጥቶ ናቲን ያለማልያ አየው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ አንዲት ሴት ጽጌን፣ «ልጅሽን ከቡድኑ አባረሩት አሉ፣ እውነት ነው?» አለቻት። ጽጌ ሬድሸርት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብትሞክር ማን ይስማት! በዚያ ሁኔታ ማስረዳት ራሱ ማመካኘት ይመስላል። ቅስሟ ተሰበረ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ነበር። «ጋሼ፣ ልጄን ሲጫወት አንድ ቀን አይቼው አላውቅም፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሥራ ነኝ። ነገ ሺፍቴን ለወጥኩ። የበላቸው እህት ከሲያትል መጥታለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎቹም ከቅዳሴ ቀጥታ እንመጣለን ብለዋል። እንዲጫወት አይደለም የምለምንዎ። ልብሱን ለብሶ ይታይልኝ። አንድ ቀን ብቻ።»

አንጀቴን በላችኝ። «ችግር የለውም፣ ጽጌ» አልኳት።

ችግር የለውም! እንዲህ ነው ያልኩት።

እሑድ ጠዋት ሊስቱ መጣ። የናቲ ስም የለም። ማልያዎቹን በቁጥራቸው ሰቀልኩ። መጨረሻ ላይ አርባ አንድ ቁጥርን ከመሳቢያ አወጣሁ። ዓመቱን ሙሉ ታጥፎ ስለከረመ ተጨማዷል፤ ተኩሼ ሰቀልኩለት። ለብሶ መቀመጥ ዓመት አያስቆጥርም፤ ይሄንን አውቃለሁ። ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። ለዳኛው የሚሰጠውን የስም ካርድ የሚጽፈው ረዳት አሠልጣኝ፣ ጠዋት የሚታመምና የሚተካ ልጅ ስለማይጠፋ፣ ስሙን የሚገለብጠው ከቢሮው ወረቀት አይደለም። ሎከር ለሎከር እየዞረ የተሰቀለውን ነው የሚጽፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሠራ አይቻለሁ። ስሙ ካርዱ ላይ ቢሰፍር ማን ይጠራዋል ብዬ ተውኩት።

ናቲ ማልያውን ሲያይ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እናትህ ትመጣለች። ለብሰህ ተቀመጥ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ሳቀ። ያን የመሰለ ሳቅ ከጥር ወዲህ አላየሁበትም ነበር።

ከአርባ የማያንስ ሰው መጣ። ነጠላ ለብሰው፣ ልጆች ታቅፈው፣ ሦስተኛው ቤዝ ከሚባለው የሜዳው ማዕዘን ጀርባ ያለውን መቀመጫ ሞሉት። ሙቀቱ ገና ከአሁኑ ከብዷል፤ ነፋሱም አሸዋ ያመጣል። አንዳቸውም ጨዋታው አልገባቸውም፤ ኳስ ከፍ ባለ ቁጥር ያጨበጭባሉ። ጽጌ ግን ሜዳውን አላየችም። ደጋውቱን ነው የምታየው።

መሸነፍ ብቻ አይደለም፣ ተቀጠቀጥን። የሦስት ቀን ግጥሚያ የመጨረሻው ቀን ስለነበር ወርዋሪዎቻችን አልቀዋል። ናቲ ማልያ መልበሱን ልብ ያላለው ዋናው አሠልጣኝ በስድስተኛው ዙር ከዳኛ ጋር ተጨቃጭቆ ከሜዳ ተባረረ። ከዘጠኙ ዙር ስምንተኛው ላይ በአሥራ ሁለት ነጥብ ተበልጠን ነበር። የወርዋሪዎች አሠልጣኙ፣ በዚያ ዓመት የመጣ ወጣት፣ የስም ካርዱን አየ፣ ከዚያ መቀመጫውን በዓይኑ አሰሰ። አርባ አንድ ቁጥር ላይ ቆመ።

«አንተ፣ ተነሥና ክንድህን አሙቅ» አለው።

ናቲ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። ሌላ ማንንም አይደለም፣ እኔን። መጥቶ አጠገቤ ቆመና በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ኦኬ ነው?» አለኝ።

ሁለት እርምጃ ነበር የሚበቃኝ። ሁለት እርምጃ ሄጄ አሠልጣኙን «ይሄ ልጅ ሬድሸርት ነው፣ ማልያውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ» ማለት ነው። አሥር ቃል አይሞላም። አፌንም ከፍቼ ነበር። ልክ ያኔ ከላይ እልልታው ፈነዳ። ናቲ ጓንቱን ሲያነሣ አይተውት ነው። ጽጌ ቆማለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አጠገቧ ያቺ «አባረሩት አሉ» ያለቻት ሴት ሳትቀር ታጨበጭባለች። አሁን ተመልሶ ቁጭ ቢልስ? አርባ ሰው እያየ?

«ሂድ፣ እናትህ እያየችህ ነው» አልኩት።

ሄደ። በዘጠኝ ኳስ ሦስት መቺ አስወጣ። አንዱም ኳሱን አልነካውም። እንዲያ ሲወረውር እኔም አይቼው አላውቅም። ሲመለስ ጓደኞቹ ራሱን ደበደቡት፤ ላይ ያሉት ጨዋታውን ያሸነፍን መስሏቸው ዘፈኑ። ከጨዋታው በኋላ በአጥሩ በኩል ጽጌ እጄን ይዛ ሳመችው። ጎትቼ አስጣልኳት። ዕድሜዋን አክብሬ አይደለም፤ እጄ ምን እንደሠራ ስለማውቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት የደንብ ጉዳይ የምትከታተለዋ ሴት ወረቀት ይዛ አሠልጣኙ ቢሮ ገባች። ወዲያው ተጠራሁ።

«አርባ አንድን ማን ሰቀለው?» አለኝ አሠልጣኙ።

«እኔ።»

ወጣቱ አሠልጣኝ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ተሰቅሎለት፣ ስሙም ካርዱ ላይ ስለነበር ውሳኔው የተቀየረ መስሎኝ ነው» አለ። እውነቱን ነው። የእኔ ክፍል አይሳሳትም ብሎ ነው ያመነው።

«ለምን ተፈራ?» አለኝ ዋናው። አልጮኸም። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል።

ይሉኝታን በምን ቋንቋ ላስረዳው? «እናቱ መጥታ ነበር» አልኩ። እሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረ።

ኮሌጁ ዓመቱ እንዲመለስለት ማመልከቻ ላከ። መልሱ በአጭሩ መጣ፦ ተጫዋቹ አልታመመም፣ አልተገደደም፣ ተጫውቷል። አልተመለሰም። የዚያ የትንሹ ኮሌጅ አሠልጣኝም ነገሩን ሲሰማ በትሕትና፣ «አንድ ዓመት ብቻ ለቀረው ልጅ ቦታ መስጠት አልችልም» አለ። የእኛው አሠልጣኝ ሰኔ ላይ የቡድኑን ቁጥር ሲቀንስ ናቲን ቀነሰው። የሚይዘው ሰው ቁጥር ተወስኖበታል፤ ሦስት ዓመት የቀረው ልጅ እያለ አንድ ዓመት የቀረውን ምን ያደርገዋል? ናቲ ሌሎች ኮሌጆችም ሞከረ። ሁሉም ስንት ዓመት ቀረህ ይሉታል። አንድ ይላል። ያበቃል።

ሎከሩን ሊያጸዳ የመጣ ቀን ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ይቅርታ በማለት ፈንታ ቦርሳውን ያዝኩለት። ጫማውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ «ጋሼ፣ እማዬ እንዳታውቅ» አለኝ። «ያ ቀን ለእሷ ቤስት ዴይ ነው። ክንዴን አሞኝ ተውኩት እላለሁ። ፕሮሚስ አድርግልኝ።»

ቃል ገባሁለት። ለእኔም ተመቸኝ፤ እሱን አልደብቅም።

እኔን በደብዳቤ ገሠጹኝና በዚያው ተውኝ። ባባረሩኝ ይሻለኝ ነበር። በዓመቱ ጡረታ ወጣሁ፤ ኬክ ቆረሱልኝ፤ አሠልጣኙ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ማልያ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው ብሎ ንግግር አደረገ። ሁሉም አጨበጨበ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ናቲ ትምህርቱን በግማሽ ተወው። ኳሱ ሲቀር የሚያነሣሣው ነገር ጠፋ። አሁን ስትሪፕ ላይ ካዚኖ በር ቆሞ መኪና ያቆማል። ባለፈው ለዘመድ ሠርግ ስሄድ ሳላስበው ከፊቱ ቆምኩ። «ጋሼ! ፓርክ ላድርግልህ» ብሎ ቁልፌን በግራ እጁ ተቀበለኝ። ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ጉልበቴን ጠየቀኝ። አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። ስወጣ መኪናዬን አምጥቶ በሩን ከፈተልኝ፤ ቲፕ ልስጠው እጄን ኪሴ ከተትኩና አፈርኩ።

አባቱ በላቸው ዛሬም በሰው ፊት፣ «ጀምሮ መጨረስ የማይችል ልጅ ነው ያለኝ። ትንሽ አመመኝ ብሎ ተወው» ይለዋል። ናቲ ዝም ይላል። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም እላለሁ።

ጽጌ ደግሞ በየበዓሉ ትጠራኛለች። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ያን ቀን የተነሣ ትልቅ ፎቶ አለ፤ ናቲ አርባ አንድ ቁጥር ለብሶ፣ ክንዱ ወደ ኋላ ተወጥሮ። ለእኔ ክብር ብላ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ታስቀምጠኛለች። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ሳላየው ይቀር ነበር» ትለኛለች።

ይህን ከመጻፌ በፊት ናቲን አስፈቀድኩት። በስልክ፣ «እንደፈለግህ፣ ጋሼ። አሁን ምን ይለውጣል?» አለኝ። ምንም አይለውጥም። ጽጌ ግን አማርኛ ታነባለች፤ ይሄም አንድ ቀን እጇ ይገባል። ልጅሽ አልሰነፈም፣ ጽጌ። በላቸው፣ ልጅህ አልተወውም። ያስተውኩት እኔ ነኝ።

በእኔ ቦታ አሁን አንድ ወጣት ገብቷል። የመጨረሻዬ ሳምንት ላይ ሥራውን ሳስረክበው ስለ ቀዝቃዛው ውሃ ነገርኩት፣ ስለ ጭቃው ነገርኩት፣ ወስፌውን ሰጠሁት። ከዚያ ሎከሮቹ ፊት አቁሜ ሊስቱ ላይ የሌለ ማልያ አይሰቀልም አልኩት። እሱም እንደ እኔ ለምን አለኝ። እኛ ስለማንወስን አልኩት። የልጁ እናት ብትለምንህም አይሰቀልም።